ኃይለኛው ላፕቶፕ ከመገዛቱ በፊት በምን ይመዘን?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ወርቅን ያለ ሚዛን የሚገዛ ነጋዴ አይገኝም። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በዘመናቸው ለማዕከላዊው መንግሥት ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬም ከባህላዊ አምራቾች እጅ ወርቅ ሰብስቦ ለብሔራዊ ባንክ የሚያቀርበው ነጋዴ፣ የቀረበለትን ወርቅ ክብደቱን ሳይመዝን፣ ጥራቱንም ሳያስመረምር፣ በመብለጭለጩ ብቻ ተደልሎ ገንዘቡን አያወጣም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ምሕንድስና ለሚማር ልጁ ወይም ለድርጅቱ ሥራ ኃይለኛ ላፕቶፕ ሊገዛ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ፣ ከፊደል ገበታው በታች የተለጠፈችውን ባለ ቀለም ወረቀት አንብቦ፣ ክዳኑን አንድ ጊዜ ከፍቶና ዘግቶ፣ የተጠየቀውን ዋጋ ቆጥሮ ይሰጣል። ለወርቁ ያደረገውን ጥንቃቄ ለዚህ ዕቃ የነፈገው ስለ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ መልሱ የዕቃው ሚዛን ገና በገበያው ያልታወቀ መሆኑ ነው።

በገበያው ‹‹ጌሚንግ ላፕቶፕ›› እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ስሙ የጨዋታ ይሁን እንጂ ገዢዎቹ ተጫዋቾች ብቻ አይደሉም። የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣው መሐንዲስ፣ የሠርግና የበዓል ቪዲዮ የሚያቀናብረው ባለ ስቱዲዮ፣ የመሬት ካርታ የሚያዘጋጀው ባለሙያ፣ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተለው ተማሪ፣ ሁሉም ይህንኑ ዕቃ ይፈልጉታል። ምክንያቱም ከተራው ላፕቶፕ የሚለየው ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት በመሆኑ፣ ለጨዋታ የተሠራው ኃይል ለሥራም ስለሚያገለግል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የወጣቶች መዝናኛ ነው ተብሎ በነጋዴዎች ዘንድ ችላ ሊባል የሚገባው አይደለም።

ዕቃው በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን አስመጪ ሁሉ በመዝገቡ ያየው ነው። ቀድሞ በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተፈጸመ የምርጫ ስሕተት በብር ሲቆጠር ዛሬ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። የአሶሳ ባለ ሱቅ ደግሞ ከዚህ ሌላ የመንገዱን ርቀት ይጨምርበታል። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የደረሰ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ወደ አዲስ አበባ መመለሱ ቀላል አይደለም፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በተቋረጠባቸው ጊዜያትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር። የመርካቶው ሻጭ ደንበኛው ቢያኮርፍ ሌላ ደንበኛ ያገኛል። በአሶሳ ከተማ ግን ገዢና ሻጭ በገበያም በለቅሶም ስለሚገናኙ፣ አንድ ጊዜ የተበላሸ ስም በቀላሉ አይጠገንም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው የግራፊክስ ካርዱ ነገር ነው። ኢንቪዲያ የተባለው ኩባንያ የሚያወጣቸው ካርዶች አርቲኤክስ 4060፣ 4070፣ 4090 እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ፤ ገዢውም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኃይሉ የሚጨምር ይመስለዋል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የማይናገረው ሁለት ታላቅ ጉዳይ አለ። አንደኛው፣ በጠረጴዛ ኮምፒዩተርና በላፕቶፕ ላይ ያለው ተመሳሳይ ስም አንድ ዕቃ አለመሆኑ ነው። የጠረጴዛው 4090 ባለ 24 ጊጋባይት ማስታወሻ ሲሆን እስከ 450 ዋት ኃይል ይስባል፤ የላፕቶፑ 4090 ግን ባለ 16 ጊጋባይት ሆኖ ለራሱ የሚፈቀድለት ከ80 እስከ 150 ዋት ነው። በ4070 ላይም እንዲሁ ነው፤ የጠረጴዛው 12 ጊጋባይት፣ የላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ብቻ ይዟል። የጠረጴዛውን የፍተሻ ውጤት በቪዲዮ ተመልክቶ ላፕቶፑን የሚገዛ ሰው የበሬውን ጉልበት አይቶ ጥጃውን እንደ ገዛ ይቆጠራል።

ሁለተኛውና የባሰው ጉዳይ፣ በላፕቶፖቹም መካከል አንዱ ስም ብዙ ዓይነት ኃይል የሚሸከም መሆኑ ነው። የላፕቶፑን 4060 ኢንቪዲያ ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ባለው መጠን እንዲገጠም ፈቅዷል፤ 4070ውንም በዚያው ልክ። ይህ ማለት ሁለት ሱቆች አንድ ዓይነት ስም የተለጠፈባቸውን ሁለት ላፕቶፖች በተቀራራቢ ዋጋ ሲሸጡ፣ አንደኛው ከሌላኛው በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ለካርዱ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአነስተኛ ዋት የታሠረ 4070 ሙሉ ኃይል በተሰጠው 4060 ሊበለጥ ይችላል፤ ሁለቱም ባለ 8 ጊጋባይት በመሆናቸው ገዢው ለስሙ የከፈለው ትርፍ ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ጉዳዩን በወፍጮ መስሎ ማየት ይቻላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ወፍጮ ቢተክሉና አንደኛው በወፍራም፣ ሁለተኛው በቀጭን መሥመር ኤሌክትሪክ ቢያስገቡ፣ ድንጋዩ አንድ ሆኖ ሳለ የሚወጣው ዱቄት አንድ አይሆንም።

ቀድሞ ዝቅተኛ ዋት ያላቸው ካርዶች ‹‹ማክስ ኪው›› በሚል ተጨማሪ ስም ይለዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የ30ው ወገን ላፕቶፖች ሲወጡ ግን ይህ መለያ ከስሙ ላይ ተነሣ፤ በምትኩ ፋብሪካዎች ዋቱን በመግለጫቸው እንዲጽፉ ተጠየቁ። ብዙዎቹ ጻፉ፤ ነገር ግን በመግለጫው መጨረሻ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቁጥር ከፋብሪካው ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ሲተላለፍ በየደረጃው እየተዘነጋ፣ በመጨረሻ ባለ ሱቁ እጅ የሚደርሰው ‹‹4060 ነው›› የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 የ50ው ወገን ሲወጣም ዋቱን ከመግለጫው ፈልጎ ማግኘት የገዢው ሥራ ሆኖ ቀርቷል፤ የላፕቶፑ 5070ም ለገበያ የቀረበው በዚያው በ8 ጊጋባይት ነበር።

ሆኖም ይህን ማወቅ የተሰወረ ጥበብ አይደለም። የኢንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል የሚባለውን ገጽ ከፍቶ ‹‹ሲስተም ኢንፎርሜሽን›› የሚለውን መጫን ይበቃል፤ ለካርዱ የተፈቀደው ከፍተኛው ዋት እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሻጩ ይህን ገጽ ለማሳየት ካመነታ፣ ገዢው ስለ ዕቃው ብዙ ነገር ከዚያ ማመንታት ሊረዳ ይችላል።

ከኃይሉ ቀጥሎ የሚመጣው ሙቀት ነው፤ በዚህ ክልል ደግሞ ሙቀት ከሁሉም ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ላፕቶፕ የሚስበውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱንም በማራገቢያ ወደ ውጭ ያስወጣል። ማስወጣት ባልቻለ ጊዜ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በውጭ አገር የሚታተሙት የማወዳደሪያ ጽሑፎች ግን መሣሪያውን የሚፈትኑት አብዛኛውን ጊዜ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። በተጨማሪም ብዙ ሰው የማያስተውለው የከፍታ ጉዳይ አለ። ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘው በአየር እንደ መሆኑ መጠን አየሩ ሲሳሳ ሥራው ይደክማል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በአሶሳ ደግሞ በአንድ ሰባተኛ ያህል። አሶሳ በከፍታው ከአዲስ አበባ የተሻለ ዕድል ቢኖራትም በሙቀቱ ታጣዋለች፤ መሣሪያው ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ጉባ ቆላ ይዞት የሚወርድ ባለሙያ የገዛው እንደ ሆነማ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር፣ አዲስ አበባ ላይ የታየው ፍጥነት ተስፋ ሆኖ ይቀራል። የበጋው አቧራም አለ፤ በማራገቢያው ክንፎች ላይ ተጋግሮ የአየሩን መተላለፊያ ሲዘጋው ዓመት ያልሞላው ዕቃ እንዳረጀ ዕቃ ይንተፋተፋል።

ስለዚህ ገዢዎች የሚሽቀዳደሙለት ቀጭኑና ቀላሉ ላፕቶፕ ለዚህ አገር የሚመከር አይደለም። ወፍራሙ፣ ከበድ ያለው፣ ከኋላና ከጎን ሰፋፊ መተንፈሻ ያለው፣ የታችኛው ክዳኑ በተራ መፍቻ ተፈትቶ አቧራው ሊጠረግ የሚችለው ይሻላል። መልኩ አያምርም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የሚገዛው ለሥራ እንጂ ለድግስ አይደለም። ከዚህም ጋራ አንድ ፈተና ቢለመድ መልካም ነው። ላፕቶፑ በሱቁ ውስጥ ከባድ ሥራ ተሰጥቶት ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ማንኛውም ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገና ሳይሞቅ ይሮጣል፤ እውነተኛ ዐቅሙ የሚታወቀው ከሞቀ በኋላ በሚይዘው ፍጥነት ነው። በቅሎም ብትሆን ከግቢ ስትወጣ ሳይሆን ዳገቱን ስትወጣ ነው የምትታወቀው።

ስለ ፕሮሰሰሩ ብዙ ማለት አያሻም። ‹‹ኮር አይ7›› የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ከኋላው ያለው ቁጥርና ፊደል ነው የሚናገረው። አይ7 7500ዩ የተባለው አሮጌ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ በስም ዝቅ ያለው አይ5 12450ኤች ስምንት ኮር አለው። ይህ ነገር ከአሜሪካና ከአውሮፓ አገልግለው የሚመጡ ላፕቶፖች ሲገዙ በእጅጉ ሊታሰብበት ይገባል፤ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ጭኖ ያመጣ አስመጪ ይህን ሳያጣራ ከሆነ፣ መጋዘኑን የሞላው ዘመኑ ባለፈበት ዕቃ ነው።

ራሙ 16 ጊጋባይት ቢሆን ይበጃል፤ በአንድ ዘንግ ከሚሆን ይልቅ በሁለት ዘንግ 8 ከ8 ቢሆን በብዙ ሥራ ላይ ፍጥነቱ ይሻላል። ስክሪኑን በሚመለከት፣ ለተጫዋቹ በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደሰው ስክሪን ጥቅም አለው፤ ለቪዲዮ አቀናባሪው ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የቀለሙ እውነተኛነት ይበልጥበታል። በመግለጫው ላይ ‹‹45 ከመቶ ኤንቲኤስሲ›› የሚል ከተጻፈ ቀለሙ የደበዘዘ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የተቀናበረ የሠርግ ቪዲዮ የሙሽራዪቱን ቀሚስ ጥለት ቀዩን ቡናማ አድርጎ ያሳያል፤ ባለ ስቱዲዮውም ጥፋቱን ያስተካከለ መስሎት በሌላ ስክሪን ላይ የሚታየውን ጭምር ያበላሸዋል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንመለስ ቢባል፣ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ክልል ውስጥ ስለ መብራት መቋረጥ መናገር ለጆሮ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ማመንጨት አንድ ነገር፣ በየቀበሌው በአስተማማኝ ሁኔታ ማከፋፈል ሌላ ነገር መሆኑን ባለ ሱቁ ያውቀዋል። ‹‹ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም›› የሚለው የሻጮች ቃል ለተራው ላፕቶፕ እንጂ ለኃይለኛው አይሠራም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 90 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 180 ዋት ለሚበላ መሣሪያ ቢቀርብ የሚያቆየው ግማሽ ሰዓት ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው፤ በተግባር ባትሪው ያን ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ መስጠት ስለማይችል ላፕቶፑ ከቻርጀሩ በተነቀለ ቅጽበት ፍጥነቱን በብዙ ይቀንሳል። የአንድ ላፕቶፕ ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት የማያልፈውም በአጋጣሚ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ በአውሮፕላን ይዞ መጓዝ ስለማይቻል ፋብሪካዎቹ እዚያው ወሰን ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚሠራ ባለሙያ በጀቱን ሁሉ በላፕቶፑ ላይ ከሚያውል፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ገዝቶ በተረፈው የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የሚያስተካክል መሣሪያና ጥሩ ዲቫይደር ቢገዛ የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው ድርሻ መምጣት ይገባል። ከነጋዴዎች በኩል የሚሰማው ተቃውሞ የታሸገ ካርቶን ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል የሚል ነው። ተቃውሞው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሦስት ገዢ ከፍቶ ሞክሮት የተወውን ዕቃ አራተኛው እንደ አገለገለ ዕቃ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን መፍትሔው ሁሉንም አሽጎ በጭፍን መሸጥ ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ለማሳያ መክፈትና፣ የተሸጠውንም ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት በገዢው ፊት ከፍቶ መፈተን ነው። ሕጉም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደ ሆነ ሲደነግግ፣ ገዢውም ዕቃውን እንደ ተረከበ ጊዜ ሳያሳልፍ እንዲመረምር ያዝዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ‹‹ባለ አርቲኤክስ ላፕቶፕ አንድ›› ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ግን በቂ መረጃ ነው ሊባል አይችልም። ክርክር ቢነሣ ዳኛው ውሉ ምን እንደ ነበረ የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነውና፣ ግራፊክስ ካርዱ ከነዋቱና ከነማስታወሻው መጠን፣ ፕሮሰሰሩ ከሙሉ ቁጥሩ ጋራ፣ ራሙ ስንት ዘንግ እንደ ሆነ፣ የቻርጀሩ ዋት፣ ዕቃውም አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ ቢጻፍበት ሻጩን ራሱን ከክስ ይጠብቀዋል።

የአሶሳ ባለ ሱቅ ይህን ሊጽፍ የሚችለው ግን ከጅምላ ሻጩ የተቀበለው ወረቀት ላይ ካለ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ እንደሚታየው የጅምላ ሻጩ የስም ዝርዝርና ዋጋ በስልክ ይልካል፤ ባለ ሱቁም በዚያው ያዝዛል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የደንበኛውን ቁጣ የሚቀበለው ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠው ሳይሆን አሶሳ ላይ ያለው ነው። ትእዛዙ ከመላኩ በፊት የእያንዳንዱ ዓይነት ሙሉ የፋብሪካ መለያ ቁጥር ቢጠየቅ፣ በዚያ ቁጥር ፋብሪካው ራሱ ያወጣውን መግለጫ ማግኘት ይቻላል። መለያ ቁጥሩን ለመስጠት የማይፈቅድ ጅምላ ሻጭ ዋጋው ቢረክስም ይቅርብን ሊባል የሚገባው ነው። አንድ ባለ ሱቅ ብቻውን ይህን ቢጠይቅ ላይሰማ ይችል ይሆናል፤ የከተማው የኤሌክትሮኒክስ ሻጮች ተባብረው አንድ ላይ ቢያዝዙ ግን ጅምላ ሻጩ የሚያዳምጥበት ምክንያት ያገኛል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጡትም ዊንዶውስ ራሱ የባትሪውን ታሪክ የሚያወጣበት ‹‹ባተሪ ሪፖርት›› የተባለ ዘገባ እንዳለ ሊያውቁ ይገባል። በዚያ ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው ዐቅምና አሁን የቀረው ዐቅም ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በግማሽ ካነሰ የባትሪው ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት።

በመጨረሻም አስመጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ያልተነካ ንግድ አለ። የኃይለኛ ላፕቶፕ ቻርጀር 180፣ 230፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 330 ዋት የሚሰጥ ነው፤ ሲበላሽ በተራው የ65 ዋት ቻርጀር ሊተካ አይችልም፤ ቢሰካም መሣሪያው ወይ አይቀበለውም ወይም ሥራ ላይ እያለ ባትሪው ያልቃል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባትም በሙቀት አገር ቶሎ ይደርቃል፤ ማራገቢያውም በአቧራ ይደክማል። አሥር ላፕቶፕ ወደ አሶሳ የሚጭን ነጋዴ ሁለት ትክክለኛ ቻርጀር፣ ጥቂት መለዋወጫ ማራገቢያና አንድ ሣጥን ቅባት ቢጨምርበት፣ በጭነቱ ላይ የሚያክለው ክብደት ከአንድ ላፕቶፕ ብዙም አይበልጥም፤ እስከ ዛሬ ቻርጀሩ የተቃጠለበት ገዢ ግን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እስኪልክለት ድረስ ላፕቶፑን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል።